ሞባይል ባንኪንግና ኢንተርኔት ባንኪንግ ስንጠቀም ገንዘባችንን እንዴት እንጠብቅ (ደረጃ በደረጃ)

አክስቴ ናት ይሄን እንድጽፍ ያደረገችኝ። አንድ ቀን ጠዋት ስልኳ ጠራ፣ አነሳችው፣ ሰውዬው ስሟን ከነአባቷ ጠርቶ በጣም በትህትና ሰላም አላት፣ ከባንክ ነው ምንደውለው ሂሳብዎ ላይ ችግር አለ አሁኑኑ ካልተስተካከለ ሊዘጋ ነው አላት፣ ደነገጠች። አሁን በሜሴጅ ኮድ ይገባልዎታል እሱን ብቻ ያንብቡልኝ አለ፣ ገባ፣ አነበበችለት። ሜሴጁ ላይ ከኮዱ ስር "ይህን ቁጥር ለማንም አይንገሩ" ይላል፣ አይታዋለች፣ ግን የደወለው ባንኩ ነው ባንኩ ደግሞ "ማንም" ውስጥ አይገባም ብላ ነው ያሰበችው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ትንሽ ሳይቆይ ሂሳቧ ባዶ ሆነ።

ማንም ሲባል ባንኩም ውስጡ አለ። ይቺን አንድ ነገር ቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ ገንዘቧ እዛው ይሆን ነበር፣ እኔም ልነግራት እችል ነበር አልነገርኳትም፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሀከር ሲባል ብዙ ሰው የባንክ ኮምፒውተር ሰብሮ ሚገባ ሰው ነው ሚታየው። የተራ ሰው ገንዘብ ሚጠፋው ግን በአብዛኛው ባለቤቱ ተታሎ ኮዱን ሲሰጥ ወይም ራሱ "ላክ" ሚለውን ሲጫን ነው። ስለዚ ከታች ያለው ግማሹ ስልክ ስለማስተካከል ነው፣ ግማሹ ደግሞ ሰው ሲያዋክበን ምን እንደምናደርግ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ባትጨርሱም ችግር የለውም፣ 1ኛውን ግን ዛሬ አድርጉት፣ ለእናትና አባታችሁም ደውላችሁ ንገሯቸው።

1. ኮዱ ምን እንደሆነ እወቁ

ባንክ ስንገባ ወይ ገንዘብ ስንልክ በሜሴጅ ሚመጣው ቁጥር ኦቲፒ ይባላል፣ አንዴ ብቻ ሚሰራ በደቂቃዎች ውስጥ ጊዜው ሚያልፍ ኮድ ነው። አንድ ሰው በናንተ አካውንት ልግባ ሲል ባንኩ እውነት ባለቤቱ መሆኑን ለማጣራት ወደ ስልካችሁ ይልከዋል። እናንተ ምንም ሳትነኩ ኮድ ከመጣ በዛች ሰአት ሌላ ሰው በናንተ ስም በሩ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ደዋዩ "አሁን ኮድ ይመጣልዎታል" ብሎ ቀድሞ መናገሩና ኮዱም እውነት መምጣቱ ብዙ ሰው እንዲያምነው ያደርጋል፣ እንዴት አወቀ ካላችሁ ራሱ ነዋ ያስላከው።

ባንኩ ኮዱን ራሱ ነው የፈጠረው፣ ከናንተ አፍ መስማት አያስፈልገውም። ፒንም እንደዛው ነው፣ ማንም ሰራተኛ ሊጠይቃችሁ አይገባም። ቅርንጫፍ ውስጥ ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠ እውነተኛ ሰራተኛ እንኳን ስልክዎን ያምጡት ፒኑን ላስገባልዎት ካለ "ንገሩኝ እንጂ እኔ አስገባዋለሁ" በሉት፣ ማፈር የለም።

ሌላው፣ ወደ ሂሳባችሁ ለሚገባ ገንዘብ ፒን አይጠየቅም። ሽልማት ደርሶሃል፣ እርዳታ ተፈቅዶልሻል፣ የሸጥሽውን እቃ ልክፈልሽ ለመቀበል ፒንሽን አስገቢ ሚል ነገር ካያችሁ እየተጠየቃችሁ ያላችሁት ወጪ ነው፣ ፒኑን ስትነኩ ገንዘቡ ከናንተ ወደነሱ ይሄዳል።

2. ስልኩን አስተካክሉ

የስክሪን መቆለፊያ ከሌላችሁ አሁኑኑ አድርጉ፣ ቢያንስ 6 አሃዝ ወይም አሻራ። ፓተርን ሚባለውን እኔ አልወደውም፣ ከኋላ የቆመ ሰው አንዴ አይቶ ይይዘዋል፣ የጣት ቅባትም መስታወቱ ላይ መስመሩን ትቶ ይሄዳል።

ከዛ ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን ግቡና ስልኩ ተቆልፎ እያለ የሜሴጅ ይዘት እንዳይታይ አድርጉ። ይሄን ሚያደርግ ሰው በጣም ትንሽ ነው። ስልካችሁን ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ ብትነሱ ወይ ቢሰረቅ ሌባው መቆለፊያውን ሳይከፍት ኮዱን ስክሪኑ ላይ ማንበብ ይችላል፣ ያኔ መቆለፊያችሁ ምንም አልጠቀመም።

የባንክ አፕ ከጉግል ፕሌይ ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ አውርዱ፣ እዛም ቢሆን ተመሳሳይ ስም ያለው የውሸት አፕ ሊኖር ስለሚችል የአውጪውን ስም እዩ፣ ከተጠራጠራችሁ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ትክክለኛው የቱ ነው ብላችሁ ጠይቁ። በቴሌግራም ወይ በዋትስአፕ "አዲሱ የባንኩ አፕ ይሄ ነው" ተብሎ ሚላክ ኤፒኬ ፋይል (ከፕሌይ ውጪ አፕ መጫኛ ፋይል ነው) በፍጹም አትጫኑ፣ የላከው ጓደኛችሁ ቢሆን እንኳን፣ የጓደኛችሁ አካውንት ተጠልፎ ሊሆን ይችላል።

አሁን ትንሽ ልቆይበት ምፈልገው ነገር ፐርሚሽን ነው። አንድሮይድ ላይ አክሰሲቢሊቲ ሚባል ፈቃድ አለ፣ በአማርኛ ሴቲንግ "ተደራሽነት" ይለዋል፣ የተሰራው ማየት ወይም ስክሪን መንካት ለሚቸግራቸው ሰዎች ነው፣ ስለዚ ይሄ ፈቃድ ያለው አፕ ስክሪን ላይ ያለውን ሁሉ ማንበብና በናንተ ምትክ መጫን ይችላል። ባንክ ላይ ያነጣጠሩ ቫይረሶች ሚለምኑት እሱን ነው። አናትሳ ሚባለው ቫይረስ ለምሳሌ ፒዲኤፍ ማንበቢያና ኪዩአር ስካነር መስሎ ጉግል ፕሌይ ውስጥ ራሱ ተገኝቷል፣ ሰው ጤነኛ አፕ መስሎት ያወርደዋል ከዛ አፕዴት ያስፈልጋል ብሎ ክፉውን ክፍል ያስገባል፣ ፈቃዱን ካገኘ በኋላ የባንክ አፓችሁን ስትከፍቱ በላዩ ላይ ተመሳሳይ የውሸት ገጽ ይዘረጋና የጻፋችሁትን ይወስዳል። አሁን ሴቲንግ ውስጥ ተደራሽነት ብላችሁ ግቡና ፈቃዱ የተሰጣቸውን አፖች እዩ። ፒዲኤፍ ማንበቢያ፣ ባትሪ ቆጣቢ፣ የስልክ መብራት፣ ጌም፣ እነዚህ ይሄን ፈቃድ ሚፈልጉበት ምክንያት የለም፣ ካያችሁ አጥፉና አፑንም አውጡት።

ኤኒዴስክና ቲምቪወር ደግሞ ከሩቅ ኮምፒውተር ወይ ስልክ ለመርዳት ሚጠቅሙ ትክክለኛ አፖች ናቸው፣ ግን ያልጠራችሁት "የቴክኒክ ባለሙያ" ደውሎ ጫኑት ካላችሁ ስክሪናችሁን ሊያይ ነው። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ ኮል አድርጎ ስክሪን ሼር አድርጉልኝ ሚልም አለ፣ ያው ነው፣ ኮዱ ሲገባ ከናንተ እኩል ያየዋል።

አፕዴት ሲመጣ አታዘግዩት። ሩት የተደረገ፣ ማለትም የፋብሪካው ጥበቃ ተነስቶ ውስጡ ሁሉ የተከፈተ ስልክ ላይ ደግሞ ባንክ አትጠቀሙ።

3. ፒንና ፓስወርድ

ባለ 4 አሃዝ ፒን 10,000 አይነት ሊሆን ይችላል፣ ሰው ግን እንደዛ አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከተለያየ ቦታ አፈትልከው የወጡ 3.4 ሚሊዮን ያህል ባለ 4 አሃዝ ቁጥሮች ተመርምረው 1234 ብቻውን 11 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ፣ ከሱ ቀጥሎ 1111 እና 0000 ናቸው፣ በ19 ሚጀምሩ የትውልድ አመቶችም ብዙ ነበሩ። ሌባ መጀመሪያ ሚሞክረው እነሱን ነው። የትውልድ አመት፣ የስልክ መጨረሻ፣ የልጅ ልደት፣ ፌስቡክ ላይ ሚገኝ ነገር ሁሉ አይሆንም። የስልኩ መክፈቻና የባንኩ ፒን ደግሞ አንድ አይሁኑ፣ አንዱን ያየ ሁለቱንም አገኘ ማለት ነው።

ኢንተርኔት ባንኪንግ ላይ ለምትጠቀሙት ፓስወርድ ከውስብስብነት ይልቅ ርዝመት ይሻላል፣ እርስ በርስ ማይገናኙ አራት አምስት ቃላት ደርድሩ። በየወሩ መቀየር ግዴታ አይደለም፣ የአሜሪካ የስታንዳርድ ተቋም ኒስት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ያለምክንያት በየጊዜው ማስቀየር ይቅር ብሏል፣ ምክንያቱም ሰው ሲሰለቸው መጨረሻ ላይ 1፣ 2፣ 3 እየጨመረ ነው ሚሄደው። ወጥቶብኛል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን ወዲያው። ለባንክ ያደረጋችሁትን ሌላ ቦታ አትድገሙት።

ኢሜላችሁንም አትርሱ። ፓስወርድ ረሳሁ ስትሉ ማስተካከያው ሚላከው እዛ ከሆነ ኢሜሉን የያዘ ሰው ባንኩንም ሊይዝ ይችላል፣ ስለዚ ኢሜሉ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ፣ ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ሚጠይቅ ማለት ነው።

4. ሲም ካርዱ

ስልክ ቁጥራችሁ የባንካችሁ ቁልፍ ሆኗል። ሌባ ሲም ጠፋብኝ ብሎ በናንተ ስም ምትክ ካወጣ ከዛ ደቂቃ ጀምሮ ኮዶቹ ሁሉ ወደሱ ነው ሚሄዱት። ምልክቱ የናንተ ስልክ ድንገት ኔትወርክ ማጣቱ ነው፣ ሌላ ሰው ጋ እየሰራ የናንተ ብቻ ከጠፋና አጥፍታችሁ ስታበሩትም ካልመለሰ "ቆይ ይመጣል" ብላችሁ አትጠብቁ፣ በሌላ ሰው ስልክ መጀመሪያ ለባንኩ ቀጥሎ ለቴሌኮሙ ደውሉ።

ስልኩ ሲሰረቅስ? ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ይከተዋል፣ የናንተን መቆለፊያ መስበር አያስፈልገውም። ስለዚ የሲም ፒን አብሩ፣ ሲሙ ሌላ ስልክ ውስጥ ሲገባ ወይ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ሚጠየቅ ቁጥር ነው፣ ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ሴኩሪቲ ስር አለ። ከማብራታችሁ በፊት ግን የመጀመሪያውን ፒንና ፐክ ሚባለውን ባለ 8 አሃዝ ቁጥር ሲሙ የመጣበት ካርድ ላይ ፈልጉ ወይ ቴሌኮሙን ጠይቁ፣ ፒኑን 3 ጊዜ ከሳታችሁ ፐክ ይጠይቃል፣ ፐኩን 10 ጊዜ ከሳታችሁ ሲሙ ሙሉ በሙሉ ይሞታል።

አንድ ብዙ ሰው ማያውቀው ማታለያ ልንገራችሁ፣ ደዋዩ "ኔትወርክዎን እናስተካክል" ወይ "ሽልማቱን ያረጋግጡ" ብሎ *21* ብላችሁ ቀጥሎ አንድ ስልክ ቁጥር መጨረሻ ላይ # አድርጋችሁ ደውሉ ይላል። ይሄ በአብዛኛው ኔትወርክ ላይ ወደናንተ ሚመጣ ጥሪ ሁሉ ወደዛ ቁጥር እንዲዞር ማድረጊያ ነው፣ ሜሴጅ አያዞርም፣ ግን በድምጽ ሚነገር ኮድ ካለ ወይም ባንኩ ሊያጣራ ቢደውል ሚያነሳው ሌባው ነው። *#21# ብትደውሉ መዞር አለመዞሩን ያሳያችኋል፣ ##002# ደግሞ የዞረውን ሁሉ ያጠፋል። ማታውቁትን ኮድ ሰው ስላላችሁ ብቻ አትደውሉ።

ባንካችሁ በአፕ ውስጥ ማረጋገጫ ወይም በየ30 ሰከንዱ ሚቀያየር ኮድ ሚሰጥ ኦተንቲኬተር ሚፈቅድ ከሆነ ከሜሴጅ እሱን ምረጡ። የሜሴጅ ኮድ ሚሄድበት መንገድ ራሱ ኤስኤስ7 ሚባል ቴሌኮሞች እርስ በርስ ሚነጋገሩበት የቆየ ስርአት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ጀርመን ውስጥ ሌቦች በሱ በኩል የሰው ኮድ ወደራሳቸው አዙረው ከባንክ ገንዘብ አውጥተዋል። ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ ግን የሜሴጁም ከምንም ይሻላል፣ እንዳታጠፉት።

5. ሲደወልና ሊንክ ሲላክ

ስልክ ላይ ሚታየው የደዋይ ቁጥር ሊጭበረበር ይችላል። የሜሴጅ ላኪ ስምም እንደዛው፣ አጭበርባሪ በባንኩ ስም ሜሴጅ ሲልክ ስልካችሁ ስሙን ብቻ አይቶ ከእውነተኞቹ የባንክ ሜሴጆች ስር ሊደረድረው ይችላል፣ ስለዚ "እዛው የባንኩ ሜሴጅ ውስጥ ነው የገባልኝ" ማለት ማረጋገጫ አይሆንም። ስማችሁን፣ የአባታችሁን ስም፣ የምትጠቀሙበትን ባንክ ማወቁም ምንም አያረጋግጥም።

ማድረግ ያለባችሁ በጣም ቀላል ነው፣ ግን በድንጋጤ ሰአት ይረሳል ስለዚ ቃሉን ከአሁኑ ተለማመዱት፦ "እሺ አመሰግናለሁ፣ እኔ ራሴ ወደ ባንኩ እደውላለሁ።" ዝጉ። ከዛ ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ወይም አፑ ውስጥ ባለው ቁጥር ደውሉ፣ ደዋዩ በሰጣችሁ ቁጥር አይደለም፣ ጉግል ላይ ፈልጋችሁ መጀመሪያ ባገኛችሁት ቁጥርም አይደለም፣ የውሸት የደንበኞች አገልግሎት ቁጥር ማስታወቂያ ተከፍሎበት ከላይ ሊወጣ ይችላል። እውነተኛ የባንክ ሰራተኛ ዘግታችሁ ብትደውሉ አይቆጣም። አጭበርባሪ ግን ይቆጣል፣ ስልኩን ከዘጉ ገንዘቡ ያልቃል ይላል፣ ለማንም እንዳይናገሩ ይላል፣ ቅርንጫፍ ውስጥ ያለ ሰራተኛ ነው ሚሰርቅዎት እስከማለት ይደርሳል። ሚያጣድፍና ሚስጥር አድርጉት ሚል ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ካያችሁበት ሌላ ማጣራት አያስፈልግም፣ ዝጉት።

ሊንክም ያው ነው፣ በሜሴጅ ከመጣ ሊንክ ባንክ አትግቡ፣ አፑን ራሳችሁ ክፈቱ ወይ አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉት። የገጹ አድራሻ ጎን የቁልፍ ምልክት ስላለው ደህና ነው ሚሉ አሉ፣ ቁልፉ ሚለው እናንተና ገጹ ምታወሩትን መሀል ላይ ያለ ሰው አይሰማም ነው፣ ገጹ ራሱ የሌባ ከሆነ ከሌባው ጋር በሚስጥር እያወራችሁ ነው።

የዘመድ ድምጽ አስመስሎ ሚደውልም መጥቷል፣ በኮምፒውተር ድምጽ መኮረጅ ቀላል ሆኗል። ታስሬያለሁ፣ አደጋ ደርሶብኛል፣ ቶሎ ላኩልኝ። ቤተሰብ ውስጥ ብቻ ሚታወቅ፣ ኢንተርኔት ላይ ማይገኝ አንድ ጥያቄ ከአሁኑ ተነጋገሩ።

6. ስትልኩና ስትቀበሉ

ከመላካችሁ በፊት አፑ ሚያመጣውን የተቀባይ ስም አንብቡ፣ ቁጥሩን ብቻ አይደለም። ትልቅ ገንዘብ ለአዲስ ሰው ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ልካችሁ ደረሰህ ወይ በሉ።

እቃ ምትሸጡ ሰዎች ይሄን ልብ በሉ፣ ከፍያለሁ ብሎ ስክሪንሾት ሚያሳይ ሰው አልከፈለም፣ የከፈለው ሂሳባችሁ ላይ ሲታይ ነው። ስክሪንሾት በደቂቃ ይሰራል፣ የባንክ ሜሴጅ ሚመስልም ከሌላ ስልክ ይላካል። አፑን ከፍታችሁ ባላንስ ሳታዩ እቃ አታስረክቡ፣ ወረፋ ቢኖርም ሰውየው ቢያኮርፍም። ሱቅ ካላችሁና የለጠፋችሁት ኪዩአር ኮድ ካለም ጠዋት ጠዋት ዳብሱት፣ በላዩ ላይ የራሱን ሚለጥፍ ሌባ አለ።

"በስህተት ልኬብሃለሁ እባክህ መልስልኝ" ሚለው ደግሞ ደግ ሰው ላይ ነው ሚሰራው። ብዙ ጊዜ ጭራሽ የገባ ነገር የለም፣ የውሸት ሜሴጅ ነው፣ እናንተ ከራሳችሁ ትልካላችሁ። እውነት ገብቶ ቢሆን እንኳን የተሰረቀ ገንዘብ በናንተ በኩል እያሳለፉት ሊሆን ይችላል፣ በኋላ ተጠያቂ ሚሆነው ሂሳቡ የተገኘበት ሰው ነው። መልሱ አንድ ነው፣ "ለባንክህ አመልክት፣ እኔም ለባንኬ አሳውቃለሁ፣ በባንክ በኩል ይመለስልሃል።" ሂሳባችሁንም ለማንም አታከራዩ፣ ኮሚሽን እሰጥሃለሁ ገንዘብ ይግባልህና አስተላልፍልኝ ሚለው ስራ አይደለም።

7. ቢሰረቅ እንኳን ትንሽ እንዲሆን

የቀን ዝውውር ጣሪያ መቀነስ ከተቻለ ቀንሱት፣ በቀን ምትልኩት ትንሽ ሆኖ ሳለ ጣሪያው ትልቅ ሚሆንበት ምክንያት የለም። ቁጠባችሁን ሞባይል ባንኪንግ ካልተያያዘበት ሌላ ሂሳብ ውስጥ አድርጉት፣ ስልኩ ላይ ለወሩ ሚበቃችሁን ብቻ ያዙ። አክስቴ ሁሉም አንድ ቦታ ስለነበር ነው ሁሉም የሄደው። የእያንዳንዱ ወጪ ሜሴጅ እንዲደርሳችሁ አስደርጉ፣ ማታውቁት ትንሽ ወጪ ካያችሁም ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ካርድ የሰረቀ ሰው መስራቱን ለማየት መጀመሪያ በትንሹ ይሞክራል።

የህዝብ ዋይፋይ ጉዳይ ብዙ ይወራል፣ የባንክ አፖች ግንኙነታቸው የተመሰጠረ ስለሆነ ድሮ እንደሚባለው አይደለም፣ ግን የሞባይል ዳታ ካላችሁ በሱ ተጠቀሙ፣ የኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ባንክ ጭራሽ አትክፈቱ፣ ምትጽፉትን ሚመዘግብ ነገር ውስጡ ሊኖር ይችላል።

8. ከተሰረቃችሁ

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው ወሳኞቹ፣ ገንዘቡ ከአንድ ሂሳብ ወደ ሌላ እየዘለለ ነው ሚሄደው፣ በጥሬው ከወጣ በኋላ ማግኘቱ ከባድ ነው። ለዚህ ነው የባንኩን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡ ምለው፣ ስልኩ ከተሰረቀ ቁጥሩም አብሮ ነው የሄደው።

መጀመሪያ ለባንኩ ደውሉና ሞባይል ባንኪንጉንና ካርዱን አዘጉ፣ የተላከበትን ሂሳብ እንዲያግዱ ለተቀባዩ ባንክ እንዲያሳውቁም ጠይቁ፣ የደወላችሁበትን ሰአትና የአቤቱታ ቁጥር ጻፉ። ስልኩ ከሌለ ሲሙን አዘጉ። ስልኩ እጃችሁ ላይ ሆኖ ቫይረስ ከጠረጠራችሁ ዳታና ዋይፋይ አጥፉ፣ ፓስወርድ በሌላ ንጹህ ስልክ ቀይሩ፣ ከዛ መረጃችሁን አስቀምጣችሁ ፋክተሪ ሪሴት አድርጉ፣ ስልኩን ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማድረግ ነው። የደወለውን ቁጥር፣ ሜሴጁን፣ የትራንዛክሽን ቁጥሩን ስክሪንሾት አንሱ፣ አፍራችሁ እንዳታጠፉት። ከዛ በጽሁፍ ለባንኩ፣ በአካል ለፖሊስ።

አክስቴ ሁለት ቀን ለማንም አልተናገረችም ነበር፣ አፍራ። የኔ ጥያቄ ለናንተ ይሄ ነው፣ ቤታችሁ ውስጥ ያሉ ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ቢሆኑ መጀመሪያ ለናንተ መደወል እንዳይፈሩ አድርጓቸው፣ "እንዴት ትሰጪያለሽ" ብሎ መቆጣት ያቺን ውድ ሰአት ነው ሚበላው።

ከተሰረቀ በኋላ ሌላ ደዋይ ይመጣል። ገንዘብዎን አግኝተነዋል፣ ከፖሊስ ነን፣ ጠበቃ ነን፣ ሀከር ነኝ እመልስልሃለሁ፣ ብቻ ቅድሚያ ትንሽ ክፍያ። ብዙ ጊዜ የተታለሉ ሰዎች ዝርዝር በሌቦቹ መሀል ስለሚዞር ነው። አክስቴም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተደወለላት፣ በጣም ትሁት ድምጽ፣ ስሟን ከነአባቷ። እስኪ እኔ ራሴ ልደውል አለችና ዘጋችው፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ፣ በማግስቱ አብረን ሄደን ለባንኩም ለፖሊስም አስመዘገብነው።